ሰኞን የማይጠብቅ በሽታ፦ ስለ ሐኪሞች የሪፖርት ግዴታ ለቀረበ ትችት ምላሽ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ የግል ክሊኒኮች ዘንድ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ፤ አንዳንድ በሽታዎችን ያየ ወይም የጠረጠረ ሐኪም ለወረዳው የጤና ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቅ የተጣለበትን ግዴታ የሚቃወም ነው። ጸሐፊው ሐኪም ናቸው፤ ብዕራቸውም ስል ነው። የሚሉት አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሐኪም የታካሚውን ስምና በሽታ ለወረዳ ማሳወቁ ምስጢር ማውጣት ነው። ሁለተኛ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ በጥርጣሬ ብቻ ሪፖርት ማድረግ ሕዝብ ማስደንገጥ ነው። ሦስተኛ፣ የበሽታ ቅኝት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሥራ እንጂ ግብር የሚከፍል የግል ክሊኒክ ሥራ አይደለም። አራተኛ፣ የተላከው ወረቀት የትም አይደርስም። አምስተኛ፣ ሪፖርት ያደረገ ክሊኒክ ይታሸጋል፤ ዝም ያለው ሥራውን ይቀጥላል።

አምስቱም በየክሊኒኩ በሻይ ሰዓት የሚነሡ ናቸው፤ ጸሐፊው በድፍረት አደባባይ ማውጣታቸው አይከፋም። አራተኛውና አምስተኛው ግማሽ እውነት አላቸው። ሰው የሚገድለው ግን ሁለተኛው ስለሆነ ተራውን ሳንጠብቅ እናስቀድመዋለን።

«ውጤቱ ይምጣ»

እሑድ ከሰዓት ሃና ማርያም አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ አንድ የቀን ሠራተኛ ተደግፎ ገባ እንበል። ከሌሊት ጀምሮ የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውሃ ያስቀምጠዋል፤ ያስታውከዋልም። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም፣ የደም ምቱ በእጅ አንጓው ላይ ተፈልጎ በጭንቅ ይገኛል። ዐዋቂ ሰው በአጣዳፊ ውሃማ ተቅማጥ እዚህ ከደረሰ፣ በአካባቢው የታወጀ ወረርሽኝ ባይኖርም የኮሌራ ተጠርጣሪ ነው። የበሽታ ቅኝት መመሪያው ከሐኪሙ የሚፈልገው ይህችን ታህል ነው፦ መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው አይቻለሁ የሚል ቃል። ኮሌራ መሆኑን ማረጋገጥ የሌላ ሰው ሥራ ነው።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ኮሌራ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ምልክት ያሳያል። ሰገራው ተወስዶ፣ ላቦራቶሪ ደርሶ፣ ባክቴሪያው አድጎ እስኪለይ ድረስ ደግሞ ቢፈጥን 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል። ከዚህ ሠራተኛ ጋር ከአንድ በርሜል የጠጡት ባልንጀሮቹ በዚያ መሐል ታመዋል፤ የእነሱ ሰገራ ሌላ ውሃ ነክቷል። በዚያ ላይ ከተያዙት አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው፣ ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ብቻ ይዟቸው፣ ባክቴሪያውን ለቀናት በሰገራቸው ያወጣሉ። ስለዚህ ውጤቱ ሲመጣ የሚነግረን ያለፈው ሳምንት ምን እንደነበረ ነው።

ኩፍኝ ላይ ሒሳቡ ይብሳል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ሽፍታው ከወጣ በኋላም እስከ 4 ቀን ያስተላልፋል። እናቱ ይዛው ስትመጣ መዋዕለ ሕፃናቱን፣ ታክሲውንና የክሊኒኩን የመጠበቂያ ወንበር አዳርሷል። ካልተከተቡት ውስጥ ለበሽታው የተጋለጠውን ልጅ በክትባት ማዳን የሚቻለው ከተጋለጠበት ሰዓት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። የደም ምርመራው ውጤት እስኪመለስ የጠበቀ ሐኪም ይህችን መስኮት በገዛ እጁ ዘጋት ማለት ነው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የተወሰደ ደም በሽታው እያለም ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ያን ወረቀት ይዞ «ኩፍኝ አይደለም» ብሎ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የመለሰ ክሊኒክ፣ ውጤት ጠብቄ ሠራሁ ቢልም ተሳስቷል።

የልጅነት ልምሻን (ፖሊዮን) በተመለከተ ጥሩ ሐኪሞች የሚሳሳቱበት የተለየ ቦታ አለ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ዝሎ ልፍስፍስ ካለ፣ ሐኪሙ በልቡ «ይህ ጊላን ባሬ ነው፤ ፖሊዮ አይመስልም» ብሎ ሪፖርቱን ይተወዋል፤ ጊላን ባሬ ነርቭን አጥቅቶ ጡንቻን የሚያዝል ሌላ ሕመም ነው። ሪፖርት የሚደረገው ግን ልፍስፍሱ ራሱ ነው፤ ምክንያቱ የሚጣራው በኋላ ነው። ቅኝቱ ደኅና እየሠራ መሆኑ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ፣ ከ15 ዓመት በታች ካሉ 100,000 ልጆች በዓመት ቢያንስ 1 ፖሊዮ ያልሆነ ልፍስፍስ ልጅ መገኘቱ ነው። አንድም ያላገኘ አካባቢ ዓይኑ ተሸፍኗል እንጂ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ጸሐፊው ላቦራቶሪን ይህን ያህል ካከበሩ፣ ናሙናው የሚበላሽበትን መንገድ ቢያነሡ ኖሮ ጽሑፋቸው ይጠቅም ነበር። የተለመደው ጥፋት ይህ ነው፦ ክሊኒኩ መጀመሪያ ዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ይሰጣል፣ ታካሚው ሲደክምበት ወደ ወረዳ ይደውላል፣ ናሙናው የሚወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። ባክቴሪያው አያድግም፤ «ኮሌራ የለም» ይባላል። ስለዚህ ሰገራው ከመድኃኒቱ ይቅደም፤ ፈሳሽ መተካቱ ግን ለአንዲት ደቂቃም ናሙና አይጠብቅም።

ሁለተኛው ጥፋት ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ለኮሌራ የተወሰደ ሰገራ ካሪ ብሌር በሚባለው ማጓጓዣ ውስጥ ገብቶ፣ ከፀሐይ ተጠልሎ፣ በክፍል ሙቀት ይጓዛል። ፍሪጅ ውስጥ የከተተው ሰው ባክቴሪያውን አዳከመው። ለልምሻ የተወሰደው ሰገራ ግን ተቃራኒው ነው፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ የክትባት ሣጥን ውስጥ በበረዶ ተከብቦ ይሄዳል። መጠኑ የዐዋቂ አውራ ጣት የሚያህል፣ ብዛቱ ሁለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይለፍ፣ ሁለቱም መዛሉ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ተወስደው ከተሰበሰቡ በ72 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረሱ። ለኩፍኝ 5 ሚሊ ሊትር ደም ተወስዶ ሴረሙ (ውሃማው የደም ክፍል) ይለያል፤ ሳይለይ በረዶ የሆነ ደም የቀይ ደም ሕዋሱ ፈንድቶ ለምርመራ አይሆንም። የሽፍታው ቀን ካለፈ እስከ 28 ቀን ድረስ መውሰድ ይቻላል። ጸሐፊው የሚጠብቁት ውጤት የሚያምረው እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ ነው። ለዚህ ሁሉ ደግሞ አስቀድሞ ለወረዳው መደወል ግድ ነው፤ ካሪ ብሌሩም የበረዶ ሣጥኑም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ምስጢር

ጸሐፊው የወንጀል ሕጉን ጠቅሰዋል፤ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን እንደሚያስቀጣ እውነት ነው። ያልጠቀሱት ግን ደንብ ቁጥር 299/2006ን ነው። ይህ ደንብ የጤና ባለሙያ የታካሚውን መረጃ እንዳይገልጽ ከከለከለ በኋላ፣ ለኅብረተሰብ ጤና የሚያሰጋ ነገር ሲኖርና ሕግ ሲያዝ ክልከላው እንደማይጸና ይዟል። ሪፖርቱ ከዚህ በር ይገባል።

ከሕጉ ይልቅ ግን ወረቀቱ ራሱ ቢታይ ይሻላል። በየሳምንቱ የሚላከው ቅጽ ላይ የሰው ስም የለም። ወባ፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ግርሻ፣ ደም ያለው ተቅማጥ፣ ማጅራት ገትር፣ ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት፣ እነዚህ ሁሉ በቁጥር ብቻ ይሄዳሉ። ስምና አድራሻ የሚጠየቀው ወዲያው በሚነገሩት ላይ ነው፦ ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ የልምሻ ጥርጣሬ፣ አባ ሰንጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ፣ ቢጫ ወባ፣ እንደ ኢቦላና ማርበርግ ያሉ ደም የሚያፈሱ ትኩሳቶች፣ አዲስ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ፣ የጊኒ ትልና የመሳሰሉት። ስሙ የሚጠየቀውም አንድ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ውሃውን ማየት፣ ያልተከተበውን ልጅ መክተብ ስላለበት ነው። አድራሻ የሌለው ኩፍኝ ለማንም አይጠቅምም።

ምስጢር በእርግጥ የሚባክንበት ቦታ ሌላ ነው። የታካሚውን ካርድ በስልክ ፎቶ አንስቶ ብዙ ሰው ያለበት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ «ኮሌራ የያዘው አቶ እገሌ» እያሉ በስልክ መጮኽ፣ ቅጹን ሳይሸፍኑ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መውጣት። ጸሐፊው ይህን ቢቃወሙ ኖሮ ከጎናቸው በቆምን። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በር ተዘግቶ ለአንድ ሰው ይደወላል፣ ቅጹ ለዚያው ሰው ብቻ ይላካል፣ ለታካሚውም በፊት ለፊት ይነገረዋል። «ጋሼ፣ ይህ በሽታ ለጤና ቢሮ የሚነገር ነው። ከጤና የሚመጡት ቤት ድረስ መጥተው ውሃውን ያያሉ፤ ለጎረቤት የሚነገር ስም የለም» ቢባሉ፣ ነገሩን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት የተሻለ ይቀበሉታል።

የግል ክሊኒክ ምን አገባው?

በዳርቻው ቢያንስ ይህ ጥያቄ ሊነሣ አይገባም። አዳዲስ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ሰው የሚገባባቸው ጤና ጣቢያ ሳይከፈት ነው፤ የውሃ ፈረቃውም፣ የሚፈስሰው ሽንት ቤትም፣ የግንባታው ሠራተኛ ማደሪያም እዚያው ነው። የታመመው ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው ምድር ቤት ያለውን የግል ክሊኒክ ነው። ይህ ክሊኒክ ዝም ካለ ጤና ጣቢያው የሚያየው ሁለተኛውን ወይም አሥረኛውን ሰው ነው።

በዳርቻው ላይ አንድ የተለየ ችግርም አለ፤ ጸሐፊው በዚያው አካባቢ እየሠሩ አለማንሣታቸው ይገርማል። አዲስ አበባን የከበበው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተዋቀረ ወዲህ ሃና ማርያም የታከመው ሰው ቤቱ ፉሪ ሊሆን ይችላል። ክሊኒኩ የሚነግረው ለራሱ ወረዳ ነው፤ ያ ወረዳ ለክፍለ ከተማው፣ ክፍለ ከተማው ለከተማው ጤና ቢሮ ያስተላልፋል። የታማሚው ቤት ግን በኦሮሚያ በኩል ነው። ሁለቱ ሰንሰለቶች በተፈጥሯቸው የሚገናኙት የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዘንድ ነው። እስከዚያ ድረስ የታመመው ሰው ጎረቤቶች በማንም ዝርዝር ላይ የሉም። መፍትሔው ቅጹ ላይ አድራሻ በሚለው ቦታ ከተማና ክፍለ ከተማ ብቻ ጽፎ አለማለፍ ነው፤ የሰፈሩ ልማዳዊ ስም፣ ቅርብ ያለ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወይም የታክሲ መጨረሻ፣ የሚሠራ ስልክ ቁጥር ይጻፍ። ለወረዳው ሲደወልም «ሰውየው የሚኖረው ከወሰኑ ማዶ ነው» ተብሎ በግልጽ ይነገር፤ በዚያ በኩል ያለውን ባልደረባቸውን እንዲያገኙ።

ግዴታው ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል የሚለውም ተጋንኗል። ወዲያው በሚነገር በሽታ፣ ከጤና ተቋም ወደ ወረዳ 30 ደቂቃ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ እርከንም ለሚቀጥለው በ30 ደቂቃ ያስተላልፋል። አገሪቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በጸናው የዓለም አቀፍ ጤና ደንብ መሠረት፣ ለሌሎች አገሮች ሊያሰጋ ይችላል ብላ የገመገመችውን ነገር በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ታሳውቃለች። ከዚህ ሁሉ የክሊኒኩ ድርሻ አንድ የስልክ ጥሪና አንድ ገጽ ቅጽ ነው። የወረዳው ስልክ ካልተነሣ የክፍለ ከተማው፣ እሱም ካልተነሣ የኢንስቲትዩቱ ነጻ የስልክ መስመር 8335 አለ። እሑድ መሆኑ አያስጥልም። የሳምንቱ ቅጽ ግን ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ቆጥሮ ሰኞ ይላካል፤ ምንም ካልታየም ዜሮ ተጽፎ ይላካል። ባዶ የተተወ ሣጥንና ዜሮ የተጻፈበት ሣጥን አንድ አይደሉም፦ ዜሮው «ፈልጌ አጣሁ» ሲል ባዶው «አላየሁም» ይላል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1889 የተላላፊ በሽታ ማሳወቂያ ሕጓን ስታወጣ የዚያን ዘመን ሐኪሞች ስለ ምስጢርና ስለ ሥራ ጫና ያነሡት ተቃውሞ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ፣ ለግል ታካሚ ለተጻፈ ለአንዱ ማሳወቂያ 2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይከፈላቸው ነበር። ጸሐፊው «ክፈሉን» ቢሉ ኖሮ ክርክራቸው ከ«አንሠራም» የተሻለ ይቆም ነበር።

ወረቀቱ የት ይደርሳል?

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከእውነቱ ብዙ አልራቁም። ሪፖርት የላከ ክሊኒክ መልስ ሳይሰማ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ መልስ የማይመጣበት ሥራ ደግሞ ይሰለቻል። ወረዳው ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ «ከእናንተ የመጣው ይህ ነበር፣ የተገኘው ይህ ሆነ» የሚል ግማሽ ገጽ ቢመልስ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

ጥራቱ ላይም ወቀሳው ይገባል፤ ነገር ግን ወቀሳው የሚያርፈው እኛው ላይ ነው። በየክሊኒኩ ጥንድ ሆነው የሚታዘዙት ዊዳልና ዌይል ፌሊክስ የተባሉት የደም ምርመራዎች፣ ትኩሳት ያለውን ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ» አድርገው ያወጣሉ። የአንድ ጊዜ ዊዳል በሽታው በተለመደበት አገር ብዙም አይናገርም፤ ቀድሞ የነበረ ኢንፌክሽን፣ ሌላ ባክቴሪያ፣ ወባም ሳይቀር ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ። ያ ቁጥር ተደምሮ ሰኞ ሲላክ ወረዳው እውነተኛውን የታይፎይድ ጭማሪ ከሁልጊዜው ጩኸት መለየት ያቅተዋል። መረጃው ቆሻሻ ነው የሚሉት ቆሻሻው ከየት እንደገባ ቢያዩ ጥሩ ነው።

ግን «ምንም አያመጣም» ወደሚለው አንዝለል። አንድ ክሊኒክ በወር አንድ የኩፍኝ ልጅ ቢያይ ምንም አይመስለውም። በአንድ አካባቢ በአንድ ወር 5 ተጠርጣሪ ከተገኘ ግን የወረርሽኝ ጥርጣሬ ነው፤ 3ቱ በላቦራቶሪ ከተረጋገጡ ወረርሽኝ ነው። አምስቱ ልጆች አምስት ክሊኒክ ቢሄዱ፣ አምስትነታቸው የሚታየው ወረዳው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ማጅራት ገትርም እንዲሁ። ከ30,000 በታች ሕዝብ ባለበት ቦታ በአንድ ሳምንት 2 ሰው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው፣ 5 ሰው ወረርሽኝ ነው። ሕዝቡ ከ30,000 ሲበልጥ ስሌቱ በ100,000 ሰው በሳምንት 3 እና 10 ይሆናል። ማጅራት ገትር በሳምንታዊው ዝርዝር ላይ ስላለ ሰኞን የሚጠብቅ ሐኪም አለ፤ ደወሉን ሲያልፍ ግን ያው ስልክ ይደወላል።

ይታሸጋል የሚለው ፍርሃት

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ያውቃል። በ2008 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ተቅማጡ ሲነሣ በይፋ የተጠራው ኮሌራ ሳይባል «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ተብሎ ነበር። ከላይ ያለው ስሙን ሲሸሽ ከታች ያለው ክሊኒክ ቢፈራ አይፈረድበትም፤ ጸሐፊውን በዚህ አንወቅሳቸውም።

ዝም ማለት ክሊኒኩን ያድነዋል የሚለው ግን በሒሳብ አያዋጣም። 50 ኪሎ የሚመዝን፣ ክፉኛ ፈሳሽ ያጣ ዐዋቂ በ3 ሰዓት ውስጥ 5 ሊትር ሪንገር ላክቴት በደም ሥሩ ይፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩሉ በመጀመሪያው 30 ደቂቃ ይገባል። ሦስት እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ ሌሊት ቢመጡ የትንሽ ክሊኒክ መጋዘን ባዶ ይቀራል። በፍጥነት የታከመ ኮሌራ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይገድልም፤ ያልታከመው ግማሹን ሊወስድ ይችላል። ፈሳሹ፣ አልጋው፣ የሕክምና ማዕከሉ የሚመጣው በጥሪው ነው። ታካሚውን በባጃጅ ጭኖ ወደ ሌላ መላክ ደግሞ ባጃጁን፣ መንገዱንና የሚቀጥለውን ተሳፋሪ ይጨምራል።

የሚያሳሽገው ብዙ ጊዜ ከሪፖርቱ ይልቅ ባለሙያው ሲመጣ የሚያየው ነው። ስለዚህ የሚከተለው ከጥሪው ጋር አብሮ ይሠራ። 5 በመቶ በሆነ በረኪና (ጠርሙሱ ላይ ያለውን መጠን አንብቡ)፣ አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ 0.5 በመቶ ይሰጣል፤ ወለሉ፣ አልጋውና ዕቃው በዚህ ይጸዳል። ትውከቱና ሰገራው የሚደፋበት ባልዲ 2 እጅ በረኪና በ3 እጅ ውሃ ይግባበት፤ ይህ 2 በመቶ ነው። ለእጅ 1 እጅ በ99 እጅ ውሃ ይበቃል። ሦስቱ ዕቃዎች ስማቸው ተጽፎባቸው ይለዩ፤ ለወለል የተዘጋጀው እጅን ያቃጥላል፣ ለእጅ የተዘጋጀው ትውከት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አይገድልም። ውህዱ ቀኑን ካደረ ኃይሉ ይደክማል፤ ጠዋት ጠዋት አዲስ ይዘጋጅ።

ተኝቶ መታከሚያ መዝገቡ አጠገብ ደግሞ አንድ ደብተር ይቀመጥ። የተደወለበት ቀንና ሰዓት፣ ስልኩን ያነሣው ሰው ስምና የሥራ ድርሻ፣ የተነገረው ነገር በአንድ መስመር፣ ናሙና ተወስዶ ከሆነ የወሰደው ሰው ፊርማ ይጻፍበት። ወረዳው «አልተነገረንም» ባለ ቀን የሚከፈተው ያ ደብተር ነው።